የቃርሚያው ባለመብት ማን ነው? ታላላቅ ክለቦች፣ ሁለተኛ ቡድኖቻቸውና የዝቅተኛ ሊጎች ፍትሕ

አንድ ታላቅ ክለብ ከዋናው ቡድኑ ሥር ያቋቋመውን ሁለተኛ ቡድን ወደ ዝቅተኛ ሊግ አስገብቶ፣ ከትናንሽ ከተሞችና ከሰፈር ክለቦች ጋር ለነጥብ ማጫወቱ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር፣ ላይ ላዩን ሲታይ የፌዴሬሽን ጽሕፈት ቤቶች በደንብና በመርሐ ግብር የሚፈቱት የአስተዳደር ጉዳይ ይመስላል። ጠለቅ ብሎ ለመረመረው ግን የፍትሕ ጥያቄ ነው፤ ውድድር የማን ነው፣ በውድድር ውስጥ ቦታ የሚገባው ለማን ነው፣ ብዙ ያለውስ ጥቂት ካለው ድርሻ ላይ ለበጎ ዓላማ ብሎ መውሰድ ይችላል ወይ የሚሉት የቆዩ የሥነ ምግባር ጥያቄዎች በውስጡ አሉና። ሁለተኛ ቡድን ሲባል እዚህ ላይ የሚታሰበው፣ በኢትዮጵያ ክለቦች ዘንድ ተስፋ ቡድን ከሚባለው ጋር የሚቀራረብ፣ ነገር ግን ከእኩዮቹ ወጣቶች ጋር ብቻ ሳይወሰን በአዋቂዎች ሊግ ውስጥ ገብቶ የሚጫወት፣ ተጫዋቾቹም አሰልጣኞቹም በጀቱም የእናት ክለቡ የሆነ ቡድን ነው። ይህ አሠራር በስፔን፣ በጀርመን፣ በፖርቱጋልና በኔዘርላንድስ የተለመደ ሲሆን፣ በእንግሊዝ ግን የእግር ኳስ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ግሬግ ዳይክ የመሩት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2014 ተመሳሳይ ሐሳብ ባቀረበ ጊዜ ከትናንሽ ክለቦችና ከደጋፊዎቻቸው ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞት ሳይሳካ ቀርቷል።

ወደ ውድድር ማን ይግባ የሚለው ጥያቄ ለአፍሪካ እግር ኳስ እንግዳ አይደለም፤ እንዲያውም የአህጉሪቱ የእግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የተወለደው ይህንኑ ጥያቄ እየመለሰ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1957 የግብፅ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ ተወካዮች ካርቱም ውስጥ፣ ዓባይ ዳር በሚገኘው ግራንድ ሆቴል ተሰብስበው ካፍን ሲመሠርቱ፣ ከመሥራቾቹ አንዱ በኋላ ከ1972 እስከ 1987 ድርጅቱን በፕሬዚዳንትነት የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ጥቁሮችና ነጮች የተቀላቀሉበት ቡድን ለማቅረብ ፈቃደኛ ባለመሆኗ ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ወጣች፤ በግማሽ ፍጻሜው ልትገጥማት የነበረችው ኢትዮጵያም ሳትጫወት ለፍጻሜ አልፋ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች፤ አራቱንም ግቦች ያስቆጠረው አድ ዲባ ነበር። ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት፣ ወደ ውድድር መግባት በኳስ ችሎታ ብቻ የሚለካ መብት አለመሆኑና፣ ማንኛውም ቡድን ሜዳ ላይ ከመውጣቱ በፊት ማንን ይወክላል ለሚለው የሞራል ጥያቄ መልስ መስጠት የሚገባው መሆኑ ነው። የዘር መድሎና የሁለተኛ ቡድን ጉዳይ በክብደታቸው ፈጽሞ የማይወዳደሩ ቢሆኑም፣ ለሁለቱም የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው።

ማንን ይወክላል የሚለው ጥያቄ በዝቅተኛው እርከን ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለመረዳት ያችው ካርቱም በቂ ማሳያ ናት። የሱዳን ሁለቱ ኃያላን አል ሂላልና አል መሪኽ መቀመጫቸው ዓባይን ተሻግሮ በኦምዱርማን ሲሆን፣ ደጋፊዎቻቸው በአገሪቱ ሁሉ የተበተኑ ናቸው። ከእነርሱ በታች ያሉት ብዙዎቹ ክለቦች ግን የሰፈር ልጆች ናቸው፤ ቡሪና አል ሞረዳ የሰፈራቸውን ስም ይዘው የኖሩ ሲሆን፣ ካርቱም ሦስት የተባለው ሰፈር ደግሞ በስሙ የተጠራ ክለብ ነበረው፤ ይህም ክለብ በኋላ አል ኻርቱም አል ወጠኒ ተብሎ በፕሪሚየር ሊጉ ተጫውቷል። እንዲህ ያለ ክለብ ለሰፈሩ ሰው ከመዝናኛነት ያለፈ ነገር ነው፤ የሰፈሩ ነዋሪ ስሙ በአደባባይ ሲጠራ የሚሰማበት፣ ሲያሸንፍ አብሮ ከፍ የሚልበት፣ ሲሸነፍም አብሮ የሚያዝንበት የጋራ ንብረቱ ነው።

ለመሆኑ ውድድር ምንድን ነው? ፈላስፋው በርናርድ ሱትስ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው መጽሐፉ ጨዋታን ሲተነትን፣ ተጫዋቾች አላስፈላጊ የሆነን እንቅፋት ለመወጣት በፈቃዳቸው የሚያደርጉት ጥረት እንደሆነና፣ ይህ ጥረት ትርጉም የሚኖረው ሁሉም ለሕጉ እኩል ሲገዙ እንደሆነ ያስረዳል። አላስዴር ማኪንታየር ደግሞ በማንኛውም የሰው ልጅ ሙያ ውስጥ ሁለት ዓይነት ጥቅሞች እንዳሉ፣ አንዱ ከሙያው ከራሱ የሚገኝና በሌላ መንገድ የማይገኝ፣ ሌላው ደግሞ እንደ ገንዘብና ዝና ከውጭ የሚመጣ መሆኑን ይለያል። እነዚህን ሁለት ሐሳቦች አጣምሮ ለተመለከተ፣ የሊግ ውድድር የራሱ የሆነ ጥቅም በዓመቱ መጨረሻ የሚጸናው ፍርድ ነው ማለት ይቻላል፤ ሻምፒዮኑ ያድጋል፣ የመጨረሻው ይወርዳል፣ ሁሉም ለዚህ ፍርድ ራሱን አስቀድሞ ያስገዛል። ዕጣው በዚያ ሊግ ውስጥ የማይወሰን ቡድን፣ ጨዋታውን ሁሉ በሕጉ ቢጫወት እንኳን፣ ከተወዳዳሪዎቹ ጋር አንድ ውድድር ውስጥ አለ ለማለት ያስቸግራል።

የሁለተኛ ቡድን ዕጣ በሌላ ሜዳ የሚወሰን መሆኑን ከስፔኑ ክለብ ቪያሪያል የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል። በስፔን ደንብ ሁለተኛ ቡድን ከእናት ክለቡ ጋር በአንድ እርከን መጫወት ስለማይችል፣ እ.ኤ.አ. በ2011–12 የውድድር ዘመን ማብቂያ ዋናው ቪያሪያል በመጨረሻው ቀን ከአትሌቲኮ ማድሪድ ጋር ሲጫወት ጨዋታው ሊጠናቀቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ራዳሜል ፋልካኦ ባስቆጠረው ግብ ተሸንፎ ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን ወረደ፤ በዚያው ዲቪዚዮን በሠንጠረዡ አጋማሽ በሰላም ተቀምጦ የነበረው ሁለተኛው ቡድን ደግሞ ሌሎች ባገቡትና ባስተናገዱት ግብ ምክንያት ወደ ሦስተኛው እርከን ተጣለ። የዚህ ተቃራኒ የሆነውን ገጽታ የሪያል ማድሪድ ሁለተኛ ቡድን ካስቲያ ያሳያል፤ እ.ኤ.አ. በ1983–84 ሁለተኛውን ዲቪዚዮን በአንደኝነት ቢያጠናቅቅም ማደግ አልተፈቀደለትም። በኔዘርላንድስም የአያክስ ሁለተኛ ቡድን ዮንግ አያክስ በ2017–18 ሁለተኛውን ሊግ ሲያሸንፍ በቀጥታ ያደገው ሁለተኛ የወጣው ፎርቱና ሲታርድ ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው ሁለተኛ መልእክቱ፣ የሚታገል ሰው አክሊል የሚቀዳጀው እንደ ሕጉ ሲታገል ብቻ መሆኑን ያስተምራል፤ በሁለተኛ ቡድን ላይ የሚታየው ችግር ግን ሕጉን ጠብቆ ታግሎ፣ አሸንፎም፣ አክሊሉን መቀዳጀት የማይችል ታጋይ መፈጠሩ ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ የሁለተኛ ቡድን ደጋፊዎች የሚያቀርቡት መከራከሪያ ቀላል አይደለም፤ በሙሉ ክብደቱም መታየት አለበት። ከ17 እስከ 20 ዓመት ያለ ተጫዋች ከእኩዮቹ ጋር ብቻ ሲጫወት ከፍ ያለ ግፊያና የውጤት ጭንቀት ሳይቀምስ ያድጋል፤ በዋናው ቡድን ውስጥ ደግሞ ቦታ አያገኝም፤ ስለዚህ ብዙ ተሰጥኦ በመካከል ይባክናል። ኤሚሊዮ ቡትራጌኞና ሚቼል ከካስቲያ፣ ፊሊፕ ላምና ቶማስ ሙለር ከባየርን ሙኒክ ሁለተኛ ቡድን፣ ሰርጂዮ ቡስኬትስና ፔድሮ ደግሞ ፔፕ ጓርዲዮላ እ.ኤ.አ. በ2007–08 በአራተኛው እርከን ካሠለጠነው የባርሴሎና ሁለተኛ ቡድን የወጡ ናቸው። ካስቲያ በ1980 በስፔን ንጉሥ ዋንጫ አራት የአንደኛ ዲቪዚዮን ክለቦችን ጥሎ ለፍጻሜ ሲደርስና በገዛ እናት ክለቡ 6 ለ 1 ሲሸነፍ፣ የልጆቹ ችሎታ እውነተኛ እንደነበረ የሚክድ የለም። የወጣቱ ማደግ በጎ ነገር ነው፤ የሚነሳው ጥያቄ ለዚህ በጎ ነገር ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው የሚለው ነው።

የኦሪት ሕግ በዘሌዋውያን መጽሐፍ ለእርሻ ባለቤት የሰጠው ትእዛዝ ለዚህ ጥያቄ ብርሃን ይሰጣል። አጫጁ የማሳውን ዳርቻ አሟጦ እንዳያጭድ፣ የወደቀውንም ዛላ እንዳይለቅም ተከልክሏል፤ ቃርሚያው ለድኻውና ለመጻተኛው የተተወ ነውና። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ሕጉ ባለጠጋው ቃርሚያውን ለምን እንደፈለገው የማይጠይቅ መሆኑ ነው፤ ለልጆቹ ማሳደጊያም ቢሆን፣ ለበጎ ዓላማም ቢሆን፣ የማሳው መሐል ሁሉ የእርሱ ስለሆነ ዳርቻው የእርሱ አይደለም። በእግር ኳስ ማሳ ላይም የቴሌቪዥን ገቢው፣ የአህጉራዊ ውድድሩ ተሳትፎ፣ የስፖንሰሩ ገንዘብና ምርጥ ተጫዋቾችን ቀድሞ የመምረጥ ዕድሉ በታላላቆቹ እጅ ነው፤ ዝቅተኛው ሊግ የቀረው ዳርቻ ነው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2016–17 የታላላቅ ክለቦች ወጣት ቡድኖች በታችኛዎቹ ዲቪዚዮኖች ዋንጫ እንዲሳተፉ በተጋበዙ ጊዜ የሆነው ነገር ጉዳዩን ገሃድ አውጥቶታል፤ የታላላቆቹ ታዳጊዎች እንዲያድጉ በሩ ሲከፈትላቸው፣ የራሱን ታዳጊዎች ያሰለፈው ሉተን ታውን ደካማ ቡድን አቅርበሃል ተብሎ 15,000 ፓውንድ ተቀጣ። ብዙ ደጋፊዎች ጨዋታዎቹን አንመለከትም ብለው ሜዳዎቹን ባዶ ያስቀሩት፣ የራሳቸው ውድድር የሌላ ሰው መለማመጃ ሲሆን ስላዩ ነው።

ይሁን እንጂ ይኸው የቃርሚያ ሕግ ድኻውን ብቻ ሳይሆን መጻተኛውንም ይጠራል፤ ሞዓባዊቷ ሩት በቦዔዝ እርሻ የቃረመችው በዚህ መብት ነው። በቁርአንም ዘካት ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች መካከል መንገደኛው ተቆጥሯል፤ ሊቃውንቱ እንደሚያብራሩት፣ በአገሩ ሀብታም የነበረ ሰው እንኳን በመንገድ ላይ ከንብረቱ ተቆርጦ ከተቸገረ ድርሻ አለው። ይህ በባለጠጋውና በተቸገረው እንግዳ መካከል ያለው ልዩነት የሱዳንን ክለቦች የቅርብ ጊዜ ዕጣ በትክክል ለመመዘን ይረዳል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ጦርነት ካርቱምን ሲያጋይ፣ ከከተማዋ ሰፈሮች ሕዝቡ፣ በዚያ ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያንም ጭምር፣ ሲሰደድ ሊጉም አብሮ ተቋረጠ፤ አል ሂላልና አል መሪኽ በ2024–25 በሞሪታንያ ሊግ በእንግድነት ተጫወቱ። አል ሂላል በነጥብ ቀዳሚ ሆኖ ቢጨርስም፣ የአገሪቱ ሻምፒዮንነት ለሞሪታንያው ኑዋዲቡ ተሰጠ።

በውጫዊ መልኩ አል ሂላል ከካስቲያና ከዮንግ አያክስ ጋር አንድ ይመስላል፤ ሦስቱም አሸንፈው አክሊሉን አላገኙም። በሞራል ሚዛን ግን ይለያያሉ። እንግዳው የመጣው ተቸግሮ ነው፤ እንግድነቱን ገና ከበሩ አስታውቋል፤ አስተናጋጁ ፈቅዶ ተቀብሎታል፤ ሰላም ሲወርድ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሁለተኛው ቡድን ግን ቤቱን ሳይለቅ፣ በቤቱ ያለው ሳይጎድልበት፣ በሌላው ቤት በቋሚነት ይቀመጣል። ስለዚህ ለእንግዳው በር የሚከፍተው ያው ሕግ፣ ለባለጠጋው ተጨማሪ ወንበር የመስጠት ግዴታ አያስከትልም።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላ ጉዳይ አለ። ካንት ሰውን ምንጊዜም ቢሆን እንደ መሣሪያ ብቻ አድርጎ መያዝ እንደማይገባ አስተምሯል። ሁለተኛ ቡድን ቅዳሜ ዕለት ዋናው ቡድን የማይፈልጋቸውን ጠንካራ ተጫዋቾች አሰልፎ አንዱን ተጋጣሚ ሊያደቅቅ፣ በሳምንቱ እነዚያው ተጫዋቾች ወደ ላይ ሲጠሩ ለሌላው ተጋጣሚ እጁን ሊሰጥ ይችላል፤ በመሆኑም የሁለት ትናንሽ ክለቦች መውደቅና መዳን በሦስተኛ ወገን የውስጥ ፍላጎት ይወሰናል። የትናንሾቹ ክለቦች ትግል እዚህ ላይ ለሌላ ሰው ሥልጠና መሣሪያ ሆኗል፤ ያለ ፈቃዳቸው ከሆነ ደግሞ በደሉ ይከብዳል።

በኢትዮጵያ ይህ ጥያቄ ገና በስፋት ያልተነሳ ቢሆንም፣ ሊነሳ የሚችል ስለሆነ ከወዲሁ ሊታሰብበት ይገባል። ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ያሉት ከፍተኛ ሊግና አንደኛ ሊግ በአብዛኛው የከተማና የወረዳ ክለቦች መድረክ ናቸው። ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ሻሸመኔ ከተማና ሃምበሪቾ ዱራሜ በ2015 ዓ.ም. ከከፍተኛ ሊግ አብረው አደጉ፤ ንግድ ባንክ በ2016 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉ ሻምፒዮን ሲሆን፣ ሌሎቹ ሁለቱ በዚያው ዓመት ወረዱ። የመሰላሉ ትርጉም ይኸው ነው፤ የወጣ ይነግሣል፣ የወጣ ይወርዳል፣ ሁለቱም ግን በላቡ ያገኘው ነው። ዱራሜን የመሰለች ከተማ ስሟ በአገር አቀፍ መድረክ የሚጠራበት ዕድል ጠባብ ሆኖ ሳለ፣ ያንን ወንበር በፕሪሚየር ሊጉ አስቀድሞ ወንበር ላለው ክለብ ሁለተኛ ቡድን መስጠት ከማሳው ዳርቻ መልቀም ነው።

የወጣቱ ጉዳይ ግን መፍትሔ ይሻል፤ መፍትሔውም አለ። አንደኛው በውሰት መላክ ነው፤ በውሰት የሄደ ወጣት የተቀበለውን ክለብ ማሊያ ለብሶ፣ ለዚያ ከተማ ሰው ተጫውቶ፣ ከዚያ ክለብ ጋር አብሮ ያድጋል ወይም ይወርዳል፤ ስለዚህ የታላቁ ክለብ ሀብት ትንሹን ያግዛል እንጂ አይገዳደረውም። ሁለተኛው የተስፋ ቡድኖችንና ከ20 ዓመት በታች ሊጎችን በበጀትና በሜዳ ማጠናከር ነው። ሦስተኛው ለተለየ ችግር የተለየ መድረክ ማዘጋጀት ነው፤ ካፍ በየአገሩ ሊግ ብቻ ለሚጫወቱ ተጫዋቾች እ.ኤ.አ. በ2009 የጀመረውና በ2011 ሱዳን ያስተናገደችው ቻን የተባለው ውድድር፣ ዕድል ላጡ ተጫዋቾች የሌላውን ቦታ ሳይነካ ዕድል መስጠት እንደሚቻል አሳይቷል።

እንግዲህ የዚህ ምርመራ መደምደሚያ ግልጽ ነው። በሊግ ውስጥ ቦታ የሚገባው በዚያ ሊግ ፍርድ ሙሉ በሙሉ ለሚገዛ፣ ሲያሸንፍ ለሚያድግ፣ ሲሸነፍ ለሚወርድና ከራሱ ውጭ ሌላ ጌታ ለሌለው ክለብ ነው። የተቸገረ እንግዳ በአስተናጋጁ ፈቃድና ለተወሰነ ጊዜ ሊስተናገድ ይገባል፤ ይህ ግዴታም ክብርም ነው። የታላቅ ክለብ ሁለተኛ ቡድን ግን ችግረኛም መንገደኛም ስላልሆነ፣ በዝቅተኛው ሊግ ውስጥ በመብት የሚጠይቀው ድርሻ የለውም። የኢትዮጵያና የሱዳን ፌዴሬሽኖች ወደፊት ደንባቸውን ሲያሻሽሉ ወይም ከጦርነት በኋላ ሊጋቸውን መልሰው ሲያቋቁሙ፣ ይህንን ወሰን በግልጽ ጽፈው ቢያስቀምጡ የሰፈርና የወረዳ ክለቦችን ህልውና ይጠብቃሉ፤ ታላላቅ ክለቦችም ወጣቶቻቸውን በራሳቸው ማሳ እንዲያሳድጉ ያስገድዳሉ።