አባት እንግዳ ነውን?

ለመሆኑ አባት ለልጁ ምኑ ነው? እኛ ከወልቂጤና ከቡታጅራ የመጣን ተማሪዎች መልሱን የተማርነው ከመስቀል ነው። ብዙው አባት አዲስ አበባ ይነግድ ነበር፤ ለመስቀል ይገባል፤ አዲስ ልብስ ያመጣል፤ እጃችንን ይዞ ዘመድ ያዞረናል፤ ከዚያም ይመለሳል። እንሰት የምትፍቀውም፣ ልጅ የምታስታምመውም እናት ነበረች። አባቶቻችንን አንወቅስም፤ ሊያበሉን ነው የራቁን።

ዛሬ ቡታጅራ ውስጥ አንድ ጎረቤታችን ሚስቱ ሥራ ስትውል እሱ ከልጆቹ ጋር ቤት ይውላል። ቅዳሜ ሐረ ሸይጣን ሐይቅን ሊያሳያቸው ይዟቸው ሲወጣ ግማሹ ሰው፣ «እንዴ! እናታቸው የት ሄደች?» ይላል፤ ግማሹ፣ «ጎበዝ አባት!» ይላል። እናት ይዛቸው ስትወጣ ግን ማንም አያመሰግናትም። ምስጋናችን ያጋልጠናል፤ ግዴታውን እንደ ችሮታ ቆጥረነዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ እንኳ ለእናት 120 ቀን የወሊድ ፈቃድ ሲሰጥ፣ ለአባት የሰጠው 3 ቀን ነው። የእናት አካል ማገገም እንዳለበት እናውቃለን፤ ልጅን ማወቅ ግን በ3 ቀን ያልቃል እንዴ?

ሽርሽሩ ደስ ይላል። ይሁን እንጂ አባትን አባት የሚያደርገው የሰኞ ጠዋቱ ገንፎ ነው። ነገ ወላጅ የምንሆነው እኛ ነን፤ ልጆቻችን እንደ እንግዳ ይጠብቁን ወይስ እንደ ቤተኛ ይልመዱን?