መጠበቅ ስንል ምን ማለታችን ነው?

በቋንቋችን «ጠበቀ» የሚለው ግሥ ብዙ ተሸክሟል። እንግዳ የሚመጣበትን መንገድ እያየ ከደጅ የቆመ ሰው ይጠብቃል፤ ከብቶቹን ይዞ በራያ ሜዳ የሚውል እረኛም ይጠብቃል። የፊተኛው ገና ያልመጣውን ይናፍቃል፤ የኋለኛው በእጁ ያለው እንዳይጠፋበት ይተጋል። እንደዚሁም የገባውን ኪዳን ያላጠፈ ሰው «ቃሉን ጠበቀ» ይባላል። እንግዲህ መናፈቅ፣ መንከባከብና መታመን በአንድ ቃል መጠራታቸው እንዲያው የአጋጣሚ ነገር ነውን? ወይስ አባቶቻችን ሦስቱ ተነጣጥለው ሊቆሙ እንደማይችሉ ያውቁ ነበር? ይህን ጥያቄ ያስነሣብኝ አንድ ትንሽ ካሜራ ነው።

ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ፉጂፊልም የተባለው የጃፓን ኩባንያ «ኤክስ ሃፍ» የሚል ስም የሰጠውን አነስተኛ ዲጂታል ካሜራ ይፋ አደረገ። ክብደቱ 240 ግራም ያህል ነው። ዋጋው በአሜሪካ ገበያ ወደ 850 ዶላር፣ ይኸውም በወቅቱ የባንክ ምንዛሪ ከ100,000 ብር በላይ ነበር። ዜናው በተነገረበት ቀን ካሜራው ገና በሱቅ አልነበረም፤ ለሽያጭ የቀረበው በሰኔ ወር ነው። በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት፣ በሮቢት የሚኖርና በሠርግና በክርስትና በዓል ፎቶግራፍ እያነሣ የሚተዳደር አንድ ወጣት ዘመዴ እንቅልፍ አጣ። ምስሉን በስልኩ እያሳየኝ፣ «ጋሼ፣ መልኩ እንደ ድሮው ነው፤ ነገር ግን አዲስ ነው» አለኝ። ለአንድ ገበሬ ቤት በሬ የሚገዛ ገንዘብ መሆኑን ሳነሣበትም አልተከራከረኝም፤ «አውቃለሁ፤ ግን አያምርም?» ብቻ አለ።

በእርግጥም ያምራል። ሰውነቱ በፊልም ዘመን የነበሩትን ካሜራዎች ይመስላል። ፊልም ማሳለፊያ የሚመስል ማንሻ ተሠርቶለታል፤ በትንሽ መስኮት አጮልቀው ያዩበታል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን «የፊልም ካሜራ» የተባለው አሠራሩ ነው። ባለቤቱ ይህን አሠራር ሲመርጥ 36፣ 54 ወይም 72 ፎቶግራፍ ለማንሣት ይወስናል። ከዚያ በኋላ ያነሣውን በካሜራው ላይ ወዲያው ማየት አይችልም፤ ቁጥሩ ሲሞላ ምስሎቹ ወደ ስልክ ተላልፈው እንደ ፊልም «ታጥበው» ይወጣሉ።

ይህ ነገር የሰው ልጅ በፎቶግራፍ ረገድ ከደከመበት መንገድ ጋር ሲነጻጸር እንግዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 ለገበያ የቀረበችው የኦስካር ባርናክ ላይካ በትከሻ የሚሸከሙትን ካሜራ በኮት ኪስ የሚያዝ አደረገችው። እ.ኤ.አ. በ1959 ኦሊምፐስ ፔን የአንዱን ምስል ቦታ ለሁለት በመክፈል ከ36ቱ ፊልም 72 ምስል አወጣች፤ ያሁኑ ካሜራ «ሃፍ» ማለትም «ግማሽ» የተባለውም ይህንኑ ልማድ ለማስታወስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሶን የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ ሲሠራ፣ አንዱን ምስል በካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር። ዛሬ በእጃችን ያለው ስልክ ይህን በዓይን ጥቅሻ ይፈጽማል። እነሆ፣ የመጠበቂያውን ጊዜ ለማሳጠር ብዙ ትውልድ ከደከመ በኋላ፣ ዛሬ መጠበቁ ራሱ እንደ ዕቃ ዋጋ ወጥቶለት ይሸጣል፤ ሰዎችም ሊገዙት ይጠብቃሉ።

በ4ኛው መቶ ዓመት በሰሜን አፍሪካ የተወለደው ቅዱስ አውግስጢኖስ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ 11ኛ ክፍል ስለ ጊዜ ሲመረምር፣ ያለፈው በነፍስ ውስጥ በትዝታ፣ የአሁኑ በማስተዋል፣ የሚመጣውም በተስፋ እንደሚኖር ያስረዳል። በዚህ ሚዛን ብንመዝነው፣ ዘመዴ የናፈቀው ካሜራ የትዝታን ልብስ የለበሰ ተስፋ ነው። ልጁ የፊልምን ዘመን አላየውም፤ ሆኖም ይናፍቀዋል። ያልኖረበትን ትናንት ከነገ ይጠብቃል። በሁለቱ መካከል ግን አንድ ነገር ጎድሏል፤ እርሱም ማስተዋል፣ ማለትም ዛሬ ፊት ለፊቱ የቆመው ሰው ነው።

ይህን የምለው በምሳሌ አይደለም። በጎረቤታችን አንዲት አሮጊት ይኖራሉ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ራያ ቆቦ በዘለቀ ጊዜ እንደ ብዙዎች ቤታቸውን ጥለው ወጥተው ነበር። ሲመለሱ ከግድግዳው ላይ የነበረውን የባለቤታቸውን ፎቶግራፍ አላገኙትም። ከዚያ ወዲህ ዘመዴን «ልጄ፣ እኔንም እንደርሱ ሳልጠፋ አንሣኝ፤ በወረቀት ይሁንልኝ፣ የምሰቅለው ነው» እያሉ ይጠይቁታል። እርሱም በዚያ ሰሞን «እማማ፣ አዲሱ ካሜራ ሲመጣ በደንብ አድርጌ አነሣዎታለሁ» አላቸው። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ለእርሳቸው የተሻለውን አስቦ ነው። ነገር ግን እርሱ ካሜራውን ሲጠብቅ እርሳቸው እርሱን ይጠብቁ ነበር፤ የሁለቱም መጠበቅ አንድ አልነበረም።

በልጅነቴ የማስታውሰው ፎቶ አንሺ በገበያ ቀን የሚመጣ ሰው ነበር። አንሶላ ከግድግዳ ላይ ይወጥራል፤ ሰዎችን አንድ በአንድ ያቆማል፤ ቀብድ ተቀብሎ ስማቸውን በደብተር ይጽፋል። ፊልሙ ካላለቀ አይታጠብም፤ ሲያልቅም ወደ ሌላ ከተማ መላክ ነበረበት። ስለዚህ ሁለት ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ የበለጠ እንጠብቅ ነበር። አንድ ጊዜ ቤተ ሰባችን የተነሣበት ፊልም ከተላከበት ፎቶ ቤት «ተቃጥሏል» ተብሎ ተመለሰ። ፎቶ አንሺው ይህን ሊነግረን በእግሩ ቤታችን ድረስ መጣ፤ ቀብዱን መለሰ፤ ያለ ክፍያም ደግሞ አነሣን። ጥፋቱ የእርሱ አልነበረም፤ ስማችን ግን በደብተሩ ላይ ነበር።

የዚያን ሰው ካሜራ መልክ ረስቼዋለሁ፤ ደብተሩን ግን አልረሳሁትም። ዛሬ ብዙዎች በናፍቆት የሚያነሡት የፊልም ዘመን ትዕግሥት የመጣው ከኬሚካሉና ከጨለማው ክፍል ብቻ አልነበረም። በመጠበቁ ውስጥ አደራ ነበረበት። ተነሺው ፊቱንና ገንዘቡን ሰጥቷል፤ አንሺውም ቃሉን። ስለዚህ ሁለቱም የጠበቁት አስቀድሞ የተሰጠ ነገር ነበር።

የራያ ገበሬ ይህን ልዩነት ያውቀዋል። ደጋሊት የተባለውን ማሽላ በሚያዝያ የዘራ ሰው እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ ይጠብቃል። ነገር ግን እጁን አጣምሮ አይደለም፤ ይኰተኵታል፣ ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ ወደ ማሳው ይመራል፣ ወፍ ያባርራል። ዝናብ ቢቀር እንኳ የሚያዝንለት ማሳ አለው። ያልዘራ ሰውም ደመናውን ያያል፤ እርሱ ግን የሚጠብቀው የሰማዩን መልክ ብቻ ነው። አዲስ ዕቃ ይመጣል ተብሎ ሲነገረን ብዙውን ጊዜ የምንጠብቀው እንደዚህ እንደ ኋለኛው ሰው ነው። ያልዘራነውን እንጠባበቃለን፤ ጉድለቱም ራሱ ከማስታወቂያው ጋር ወደ ቤታችን የገባ ነው፤ ትናንት አልነበረም።

ምናልባት አንባቢ፣ «ታዲያ ራስን መግታት ምን ነውር አለው? ሰው ፎቶግራፉን ወዲያው ላለማየት በገዛ ፈቃዱ ቢወስን ጾም እንደመጾም አይደለምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጾምም ቢሆን የሚያስገድደው የለም፤ ሊያፈርሰው የፈለገ ያፈርሰዋል፤ ስለዚህ ሐሰት ነው አይባልም። ይሁን እንጂ የፍልሰታን ጾም እንውሰድ። በቆቦና በአካባቢዋ ጾሙ ነሐሴ 16 ቀን ሲፈታ ልጃገረዶች ሶለል እያሉ ይወጣሉ፤ ደስታው ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ሰው ለብቻው አልጾመም፤ ለብቻውም አይፈስክም። ከጉሮሮ የተከለከለውም ለተራበ ሊደርስ ይገባዋል። የጾም እውነተኛነት የሚለካው በመከልከሉ ጥብቀት ሳይሆን በሚደርስለት ሰው ነው። የካሜራውም መከልከል እንዲሁ ነው፤ የታገሥነው ለማን ብለን እንደሆነ ካልታወቀ፣ ከአንድ ጨዋታ ያለፈ ላይሆን ይችላል።

መጠበቅ በራሱ በጎ ምግባር አለመሆኑን ለማየትም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከሮቢት ተነሥተን ቆቦንና አላማጣን አልፈን ዳገቱን ስንወጣ ኮረምን እናገኛለን። ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን በዚያና በመቀሌ የቀረጸው የረኀብ ፊልም ከማይክል ቡርክ ዘገባ ጋር ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ በታየ ጊዜ ዓለም ደነገጠ፤ በሐምሌ ወር በለንደንና በፊላደልፊያ የተካሄደው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅትም የዚያ ድንጋጤ ውጤት ነበር። ያ ካሜራ ባይቸኩል ኖሮ ብዙ ነፍስ በጠፋ ነበር። «ብርሃኑ እስኪያምር፣ የተሻለ ዕቃ እስኪመጣ» ቢባል ኃጢአት ይሆን ነበር። ይሁን እንጂ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ አብሮን ይኖራል፤ ዓለም ካያቸው ከእነዚያ ፊቶች መካከል የገዛ ምስሉ በእጁ የደረሰው ስንቱ ይሆን? የእህል ዕርዳታ መጥቷል፤ የምስሉ ዕዳ ግን ሌላ ነው። የሰውን ፊት የወሰደ ሰው ከዚያ ሰው አንድ ነገር ተበድሯል።

እንግዲህ ወደ መነሻችን እንመለስ። የሚጠበቅ ሰው ወይም የሚጠበቅ ቃል የሌለበት ናፍቆት ከምኞት አያልፍም፤ ምኞትም በአንዱ ዕቃ ረክቶ አያድርም፤ ወደሚቀጥለው ማስታወቂያ ይሻገራል። በአንጻሩ ለሰው የገባነው ቃል ካለ፣ በእጃችን ያለው አሮጌ ስልክ እንኳ የምንታመንበት መሣሪያ ይሆናል። ያማረ ዕቃ መውደድ ኃጢአት ነው ማለቴ አይደለም። ብልኅ እጅ የሠራውን ማድነቅ የተገባ ነው፤ ዘመዴም ሥራው ነውና አንድ ቀን ይህን ካሜራ ወይም ሌላውን ቢገዛ ደስ ይለኛል። የምፈራለት ነገን ሲያሳምር ዛሬ የተጠየቀውን እንዳይነፍግ ነው።

ይህን ሁሉ ለእርሱ አልሰበክሁለትም። ስለ ደብተሩ ብቻ ነገርሁት። ዝም ብሎ ቆየና፣ «ጋሼ፣ እኔ ስም ጽፌ አላውቅም» አለኝ። በሳምንቱ አሮጊቷን በደጃቸው ላይ፣ ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው እንደተቀመጡ በስልኩ አነሣቸው። ምስሉን ወዲያው ሊያሳያቸው ሲል ግን እጃቸውን አወዛወዙና፣ «ተወው፣ በወረቀት ሲሆን አየዋለሁ» አሉት። የትምህርት ቤት ደብተር ገዝቶ በመጀመሪያው መስመር ላይ ስማቸውን ጻፈ፤ ቀብድ አልተቀበለም። ወደ ወልድያ የሚሄድ ሰው ሲያገኝ ምስሉን ሊያሳትምላቸው ልኳል፤ ይህን ጽሑፍ በምጨርስበት ጊዜ ገና አልደረሰም። አሮጊቷ ማለዳ ማለዳ ሲያልፍ ያዩትና፣ «ልጄ፣ ፎቶዬስ?» ይሉታል።