ስለ አባትሽ ሲጠይቁሽ

ልጄ፣ የአባትሽ፣ የወንድሜ አርባ ደርሶ አለፈ። ድንኳኑ ተነቅሏል፤ የእድሩ ብረት ድስትና አግዳሚ ወንበር ተቆጥሮ ተመልሷል፤ እዝን ይዞ ይመጣ የነበረውም ጎረቤት ወደየሥራው ገብቷል። ሐዘኑ ለቤተሰቡ ብቻ የሚቀረው ከዚህ በኋላ ነው። አሁን የምነግርሽን በለቅሶው ሰሞን ያልነገርኩሽም ለዚህ ነው፤ ያን ጊዜ ሰው ይበዛል እንጂ የሚሰማ ልብ የለም።

በለቅሶው ላይ ስለ አባትሽ የተባለውን ሰምተሻል። «ለፍቶ አደር ነበር፣ ቤተሰቡን ወዳድ ነበር» አሉ። እውነት ነው፣ አንድም የተጨመረ የለበትም። ግን ይህንኑ ከእሱ በፊት በቀበርናቸው ላይ ብለነዋል፣ ወደፊት በምንቀብራቸውም ላይ እንለዋለን። ነገ ልጆችሽ «አያታችን ማን ነበር?» ብለው ሲጠይቁሽ በዚህ ብቻ ከመለስሽላቸው፣ የሚያውቁት ማንም ሊሆን የሚችል ሰው ነው። እኔ የምፈልገው ልፋቱን በሥራው፣ ፍቅሩንም በድርጊቱ እንድታውቂው ነው። አንድን ሰው ማስታወስ የሚጀምረው እጁ ምን ይሠራ እንደነበር ከማወቅ ነው ብዬ አምናለሁ።

«ሸማኔ ነበር» ብለሽ አትለፊው። የሸማኔ ሥራ ከሚሸምንበት ጉድጓድ አይጀምርም። መጀመሪያ ድሩን ማድራት አለ። አባትሽ ማለዳ ግቢው ውስጥ ካስማ ተክሎ፣ ክሩን ይዞ ከካስማ ካስማ ይመላለስ ነበር። አንድ ክር ከተዛነፈ ጥፋቱ የሚታየው ጨርቁ ግማሽ ከደረሰ በኋላ ስለሆነ፣ ድር ሲያደራ ሰላምታ እንኳ አይመልስም። ከዚያ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ታች ይሰዳል፤ በእግሩ መርገጫውን እያፈራረቀ በእጁ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይሰደዋል። ጥለቱ ጋ ሲደርስ እጁ ይዘገያል። ባለ ቀለሙን ክር በጣቱ እየቆጠረ ነው የሚያስገባው። ጥበብ ቀሚስ በያዘ ጊዜ ለሳምንታት ከዚያ ጉድጓድ የሚወጣው ለምግብና ለመኝታ ብቻ ነበር። ወገቡን ይዞ ሲነሣ አይተሽዋል። ለምን ይዞ እንደሚነሣ ግን እኔና የሙያ ጓደኞቹ ነን የምናውቀው፤ አንቺም እወቂው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ድሩ ከፋብሪካ የመጣ ክር ነው፤ ማጉ ግን የሰፈራችን ሴቶች በእንዝርት የፈተሉት ነበር። አባትሽ ልቃቂቱን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል እያሳለፈ ማን እንደፈተለችው ይናገራል። «ይሄ የእማማ ነው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ እዚህ ጋ ወፍሮባቸዋል» ይላል። ወፈረ ብሎ ግን አልመለሰባቸውም። ወፍራሙን ለጋቢ ያውለዋል፣ ለነጠላ ቀጭኑን ይመርጣል። ነጋዴው ሒሳብ ባዘገየበት ጊዜ እንኳ የፈታዮቹን ገንዘብ የሚከፍለው ለቤቱ ከሰል ከመግዛቱ በፊት ነበር። እናትሽ በዚህ ተከፍታበት ታውቃለች፤ በኋላ ግን ራሷ ናት ገንዘቡን የምታደርስላቸው የነበረችው።

ሰፈራችን የቆመው በእንዲህ ያሉ ሰዎች ጉልበት ነው። ሽሮ ሜዳ ዛሬ የአገር ልብስ የሚገዛ ሁሉ የሚመጣበት ገበያ ነው። ሱቆቹ ፊት ለፊት ይታያሉ፤ ጨርቁን የሚሠሩት ግን ከዶርዜና ከጨንቻ፣ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሰዎችና ልጆቻቸው ናቸው፣ በየጓሮው ውስጥ። ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ ደግሞ እንጦጦ አለ። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍል ውሃው ወርደው በ1879 አዲስ አበባን ከመቆርቆራቸው በፊት መናገሻቸው እዚያ ነበር። የአካባቢው ደን በማገዶና በቤት ሥራ አለቀ፤ በምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ ከውጭ መጣና ጋራውን ሸፈነው። ከዚያ ጋራ እንጨትና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው እየወረዱ የአዲስ አበባን ምጣድ ያሰሙት ሴቶች ናቸው። ከ30 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሸክም አጉብጧቸው ቁልቁለቱን ሲወርዱ አንቺም በልጅነትሽ አይተሻል። የደን ጥበቃ ከያዛቸው ሸክሙ ይቀማል፤ ያን ቀን ልጅ ጾሙን ያድራል። በ2013 የእንጦጦ ፓርክ ተመርቆ ዛሬ ሰው ለመናፈስ ይወጣበታል፣ ደግ ሆነ። የእነዚያ ሴቶች ስም ግን በድንጋይ ተቀርጾ አላየሁም። ስማቸው ያለው ልጆቻቸው ዘንድ ነው፣ ልጆቻቸው ከያዙት።

የተያዘ ታሪክ ምን እንደሚመስል ለማየት ወይዘሮ አበበች ጎበናን አስቢ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ያረፉት እዚሁ ከእኛ ዘንድ፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው፤ የኮሮና በሽታ ነው የወሰዳቸው። ስለ እሳቸው «ሩኅሩኅ ነበሩ» ብቻ ተብሎ ቢቀር ኖሮ ዛሬ ማን ያወራላቸው ነበር? አገር የሚያወራው ግን ያደረጉትን ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ግሸን ማርያም ሄደው ወሎን ረሃብ ይዞት አገኙት፤ ለስንቅ የያዙትን ዳቦ አካፈሉ፤ ወላጅ የሞተባቸውን ሁለት ልጆች ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ደረሱ። ከልጆቹና ከትዳራቸው አንዱን ምረጪ ሲባሉ ልጆቹን መረጡ፤ ምግብ አብስለው እየሸጡ አሳደጓቸው። ይህን ስሰማ ሴትዮዋ ፊቴ ቆመው ይታዩኛል፣ ምክንያቱም ምን እንዳደረጉ የሚያውቅ ሰው ነግሮኛል። አባትሽን አገር አያውቀውም፤ ሐውልትም አይቆምለትም። ለዚያም ነው የእሱ ነገር በአንቺ ላይ የወደቀው።

ቤተሰብ ወዳድነቱንም እንዲሁ ዘርዝረሽ ያዢው። እሱ ከጨንቻ ሲመጣ ልጅ ነበር፤ የገባውም ትምህርት ቤት ሳይሆን ጉድጓድ ውስጥ ነው። አንቺ ስትወለጂ «ይቺ ልጅ ቀሰም አትጠቀልልም» አለ። የሰው ሁሉ ልጅ ለአባቱ ቀሰም ይጠቀልል ነበርና እኔም ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቤታችሁ ውስጥ አንድ አምፖል ነበር፣ ከሸማው ዕቃ በላይ የተሰቀለ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ ሥራ ቢጣደፍም ባይጣደፍም፣ መወርወሪያውን አስቀምጦ አንቺን እዚያው ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ያስቀምጥሽ ነበር፣ ደብተርሽን በተጠቀለለው ጨርቅ ላይ ዘርግተሽ። አንቺ ስትጨርሺ እሱ እንደገና ይጀምራል፤ የሚጨርሰውም እኩለ ሌሊት ነው። ታስታውሺ እንደሆነ አላውቅም። እኔ ግን ግድግዳ ለግድግዳ ነበርንና መወርወሪያው ሲቆምም ሲቀጥልም እሰማ ነበር።

መስቀልም አለ። የጋሞ ሰው ዓመቱን ሙሉ ለመስቀል ያጠራቅማል፤ መስቀል ሲደርስ የሽሮ ሜዳ ጓሮ ሁሉ ጭር ይላል። አባትሽ እቁቡን ለዚያ አስቦ ነበር የሚጥለው። ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ተጉዞ ሲደርስ ለእናታችን ጋቢ፣ ለእህቶቹ ነጠላ፣ ለቅርጫውም ድርሻውን ይዞ ነው። አንድ ዓመት ሽያጭ የሞተበት ጊዜ እሱ ቀርቶ ልብሱን በሰው ላከ። ከውጭ አገር ጥለት የታተመበት ጨርቅ ገብቶ ገበያውን ያረከሰበት ጊዜ ነው። በዚያ ዓመት በበዓሉ ዕለት ሲሸምን ዋለ። ለምን እንደቀረ ለማንም አልተናገረም።

ደግሞ መልአክ አታድርጊው። አባትሽ ሥራ ሲጣደፍበት ቁጡ ነበር፤ የትምህርት ቤት ስብሰባ አይሄድም፤ «እወድሻለሁ» የሚል ቃል ከአፉ ሲወጣ ሰምተሽ አታውቂም። ይህንንም ለልጆችሽ ንገሪያቸው። እንከኑን ካወጣሽለት የሚቀርልሽ ሥዕል ነው፤ ልጆችሽም ሲያድጉ አያምኑሽም። እኔ የምወደው ያን ተቆጥቶ መወርወሪያውን የሚያስቀምጠውንና ጥቂት ቆይቶ «ብዪ ነይ፣ ቡና ጠጪ» የሚለውን ሰው ነው።

አሁን የምታደርጊውን ልንገርሽ። ፈታዮቹ አርጅተዋል፤ ከእነሱ ጀምሪ። ከዚያ ጎን ለጎን አብረውት ይሸምኑ የነበሩትን ጠይቂ፣ ጨርቅ ይረከበው የነበረውንም ነጋዴ። በስልክሽ ቅጂያቸው። ዓመተ ምሕረት ካላወቁ «ደርግ ከመግባቱ በፊት ነው በኋላ?»፣ «ከ77ቱ ድርቅ በፊት ነው?» ብለሽ ጠይቂያቸው፣ ያኔ ያስታውሳሉ። ፎቶግራፎቹን አውጪና ማን እንደሆኑ ከጀርባው በእርሳስ ጻፊ፤ ግማሾቹን ከእኔ በቀር የሚያውቃቸው የለም፣ እኔም ዕድሜዬ ሄዷል። በለቅሶው ላይ «ያበደረም የተበደረም ይቅረብ» ተብሎ ነበር፤ ፈታዮቹ ግን አፍረው አልቀረቡም። የቀራቸው ሒሳብ ካለ ሄደሽ ክፈያቸው። የሸማውን ዕቃ ለማገዶ የሚፈልግ ሰው መጥቶ ነበር፤ እንዳትሰጪ። ዕቃ ተከራይቶ የሚሠራ ወጣት ሰፈሩ ውስጥ አለ፣ ለእሱ ይሆናል። የአባትሽን ጋቢ ደግሞ ሣጥን ውስጥ አትቆልፊበት፣ ብል ይበላዋል። ልበሺው፣ እጠቢው፣ ፀሐይ ላይ አስጪው።

ስለ ሙት ዓመቱ ከአሁኑ ክርክር እንደተነሣ ሰምቻለሁ። ድንኳን እንትከል፣ በሬ እንጣል የሚሉ አሉ። ፍትሐቱ ይደረግ፣ ለነዳያን የሚሆን ዝክር ይዘጋጅ፣ ይህ የሃይማኖታችን ሥርዓት ነው። ከዚያ በላይ ተበድሮ ድግስ መደገስን ግን እቃወማለሁ፤ አባትሽ ለዕዳ የነበረውን ጥላቻ አንቺም ታውቂዋለሽ። ገንዘብ ካለሽ ሌላ ነገር ላሳይሽ። ከእኛ ቤት በታች ከጋሞ የመጣ ልጅ አለ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ቀኑን ሙሉ ቀሰም ሲጠቀልልና ሲሸምን ይውላል። የ2011 የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156፣ ዕድሜው 15 ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ጓሮ ውስጥ ግን አዋጁን የሚያነብ የለም። አባትሽ ያን ልጅ ባየ ቁጥር ዝም ይል ነበር። ራሱን እንደሚያይ ገብቶኛል። የሚያሠራውን ሰው በሽማግሌ አነጋግሬዋለሁ፤ ልጁ በቀን ትምህርት እንዲገባ ተስማምቷል፣ የደብተርና የዩኒፎርም ገንዘብ ነው የጎደለው። የሙት ዓመቱን በሬ በዚህ ብትለውጪው እኔ በእድሩ ፊት ቆሜ እከራከርልሻለሁ።

በመጨረሻም አክስትሽ አለች። ጉልበቷ አልፈቀደላትምና ለቀብር አልመጣችም፤ ወንድሟን ሳትሰናበት ቀርታለች። ልጅነቱን፣ ከቤት የወጣበትን ቀን፣ ማን እንደሸኘውና ምን ይዞ እንደሄደ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እኔ ያኔ ገና ሕፃን ነበርኩ። ለዘንድሮ መስቀል ጨንቻ ሂጂ። አባትሽ መጨረሻ ላይ የሸመነውን ነጠላ ውሰጂላት፤ ጥለቱን ሳይጨርሰው ነው የታመመው፣ እንዳለ ስጫት፣ አታስጨርሺው። የምታወራሽ በጋሞኛ ነው፤ ያልገባሽን አስደግሚያት፣ አትፈሪ፣ መድገም ትወዳለች። መብራት ይጠፋልና ስልክሽን ሞልተሽ ሂጂ። ትኬቱንም በጊዜ ቁረጪ፣ በመስቀል ሰሞን ወንበር አይገኝም።