የተገጣጠመ ድምፅ

ሰው ከተናገረው ቃል የተበላሸውን ጥሎ የተዋበውን ብቻ ለቅሞ ቢያሰማ እውነተኛ ነውን? ይህን ጥያቄ ያነሣሣብን ድብ ባሕር ላይ ያደርነው አንድ ሌሊት ነው።

ለመንግሥት ሥራ ከጎንደር ተነሥተን፥ ደባርቅን አልፈን፥ ጣሊያን በወረራው ዘመን ያሠራውን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቍልቍለት ስንወርድ ሾፌሩ ዘፈን ከፍቶልን ነበር። ዘፋኙን አንድም ጊዜ ትንፋሽ አላጠረውም፤ አንድም ቃል አልተሰበረበትም። ማታ ከአንድ ጠላ ቤት አረፍ እንዳልን አንድ አዝማሪ መሰንቆውን ይዞ ገባ። ከጠጪዎቹ አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሰጠው፤ አዝማሪው ግን የመጨረሻውን ቃል ሳተና ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እርሱም መሰንቆውን ሳያቋርጥ በገዛ ስሕተቱ ላይ ሌላ ግጥም ደርቦ ሰጪውን መልሶ ወጋው፤ ሽልማቱም የበዛለት የዚያን ጊዜ ነው። የሥራ ባልደረባችን «እውነተኛው ዘፈን ይኸ ነው፤ የመኪናው ሐሰት ነው» አለን። ነገሩ እንዲህ በቀላሉ የሚቈረጥ አልመሰለንም።

በስቱዲዮ ዘፋኙ አንዱን ዘፈን በአንድ ሙዚቃ ላይ አምስት ስድስት ጊዜ ይዘፍነዋል። ባለሙያው ከመጀመሪያው አንድ ስንኝ፥ ከአራተኛው አዝማቹን፥ ከሦስተኛው አንዲት ቃል ብቻ ይመርጥና በኮምፒዩተር ያገጣጥመዋል። መጋጠሚያው ብዙውን ጊዜ የሚደበቀው ከትንፋሽ አጠገብ ነው፤ ትንፋሹ ፈጽሞ ከጠፋ ግን ጆሮ ምክንያቱን ሳያውቅ ቅር ይለዋል። በቴፕ ዘመን ይህ ሥራ በምላጭ እየቈረጡ በማጣበቅ ይሠራ ነበር። ከዚያም በፊት፥ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ባስቀረጹበት ጊዜ፥ መርፌው አንዴ የቀረጸውን ማቃናት አይቻልም ነበር፤ የተሳሳተ ሰው እንደ ገና ከመጀመሪያው መጀመር ነበረበት።

እኛ በጽሕፈት ቤት የምንውል ሰዎች አንዱን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ እናረቃለን፤ እንሰርዛለን፤ እንደልዛለን፤ ስለዚህም ሐሰተኛ ያለን የለም። ነገር ግን ያው ጸሓፊ የአንድ ምስክር ቃል በሦስት ቀን ተቀብሎ ከየቀኑ የሚስማማውን እየቈረጠ አንድ ቃል ቢያደርገው፥ ምንም እንኳ ሁሉም ከዚያው ምስክር አፍ የወጣ ቢሆን፥ ወንጀል ይሆንበታል። እንግዲህ ጥፋቱ በመቍረጡ ላይ አይደለም። ደብዳቤ «አሳቤ ይህ ነው» ይላል፤ የምስክር ቃል ግን «በዚህ ቀን እንዲህ ተባለ» ይላል።

የስቱዲዮ ዘፈን እንደ ደብዳቤ ነው ብንል ዘፋኙን ከነቀፌታ ነጻ እናወጣዋለን፤ ፊርማው የራሱ እስከ ሆነ ድረስ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1952 የዋግነር ኦፔራ «ትሪስታንና ኢዞልዴ» ለንደን ላይ ሲቀረጽ፥ ለኪርስተን ፍላግስታት የከበዷትን እጅግ ከፍተኛ ድምፆች ኤልሳቤት ሽቫርትስኮፍ ዘፈነችላት። ነገሩ በተሰማ ጊዜ ብዙ አነጋገረ፤ ማነጋገሩም ተገቢ ነው፤ የሌላ ሰው እጅ በደብዳቤው ውስጥ ገብቷልና። «በመድረክ ላይ የተቀረጸ» ተብሎ ለገበያ የቀረበ ዘፈን በኋላ በስቱዲዮ ቢታረም ደግሞ የምስክሩን ቃል እንደ መለወጥ እንቈጥረዋለን።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነን የአድማጩ ጆሮ ነው። ስድስት ጊዜ የተደከመበትን እንደ አንድ ጊዜ ሥራ እየሰማ ያደገ ወጣት፥ ሰው በአንድ ትንፋሽ ሲዘፍን ቢሰማ ችሎታ የጐደለው ይመስለዋል፤ ራሱም ሊዘፍን ሲነሣ ያፍራል።

በማግስቱ ጠዋት ባልደረባችን አዝማሪውን በስልኩ ቀርጾት እንደ ነበር ነገረን። ለቤተ ሰቡ ከመላኩ በፊትም «ያችን የሳታትን ብቻ ልቍረጣት» አለ። እርሷ ከተቈረጠች ሰዎቹ በምን እንደ ሳቁ፥ አዝማሪውም ለምን ያን ያህል እንደ ተሸለመ የሚገባው ሰው እንደማይኖር ነገርነው። ጥቂት አሰበና ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ፤ ቈርጧት ይሁን ትቷት እስከ ዛሬ አልጠየቅነውም።