ያልተጨረሰው ሰደፍ

ለመሆኑ ልጅ አባቱ ጀምሮት የሞተውን ሥራ የመጨረስ ግዴታ አለበትን? ሥራው ቤት ቢሆን መልሱ አያስቸግርም፤ አባት ያጋመሰውን ግድግዳ ልጅ ቢያቆመው አገር ያመሰግነዋል። ሥራው ጠመንጃ ሲሆን ግን ጥያቄው መልኩን ይለውጣል። የሟችን ሥራ መጨረስ፥ ከሟቹ ይልቅ በሕይወት ያሉትን የሚመለከት ጉዳይ ይሆናልና።

ለምሳሌ ያህል መርሳ ተወልዶ ወልድያ የሚያስተምር አንድ ሰው ይታሰብ። አናጢ የነበሩት አባቱ ሲሞቱ ከመሮና ከመላጊያቸው ጋር አንድ አሮጌ ውጅግራ ትተውለታል። የጠመንጃው ሰደፍ ተሰንጥቆ ስለ ነበር ሽማግሌው አዲስ ሰደፍ ከወይራ ይጠርቡለት ጀምረው ነበር። ግማሹ ለስልሶ የትከሻ ማረፊያው ቅርጽ ወጥቶለታል፤ ግማሹ ገና ግንድ ነው። እናት፥ የአባትህ ሥራ ሜዳ ላይ አይቅር ይላሉ። ታላቅ ወንድም ደግሞ፥ ጣራው እያፈሰሰ፥ ልጆች ደብተር እያጡ ብረት ማስቀመጥ ቅንጦት ነውና ይሸጥ ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። የመምህሩም ጭንቀት ከዚህ ይመነጫል፤ ምርጫው በእውነትና በሐሰት መካከል ቢሆን ኖሮ በቀለለው ነበር።

ሕግ በዚህ ረገድ የሚናገረው አለው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝንም ሆነ መሸጥን ይከለክላል። ይሁንና ሕግ የሚወስነው የተፈቀደውንና ያልተፈቀደውን ነው። የተፈቀደው ሁሉ ተገቢ መሆን አለመሆኑን የሚመረምረው ኅሊና ነው።

ለመመርመርም ዕቃውን ማወቅ ያስፈልጋል። ፈረንሳዮች ‹ፉዚ ግራ› የሚሉትን፥ እ.ኤ.አ. የ1874 ሞዴል የሆነውን ጠመንጃ የኢትዮጵያ ሕዝብ በአፉ አላምጦ ‹ውጅግራ› አለው። የ11 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚጎርስ፥ በአንድ ጊዜም አንድ ጥይት ብቻ የሚተኩስ መሣሪያ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ላይ ነፃነትን ካስከበሩት ጠመንጃዎች አንዱ ይኸው ውጅግራ ነበር፤ የወሎም ጦር በራስ ሚካኤል መሪነት በዚያ ተሰልፎአል። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ግን፥ ንጉሥ የተባሉት እኒሁ ሚካኤል ስለ ልጃቸው ስለ ልጅ ኢያሱ ከሸዋ ጦር ጋር ሰገሌ ላይ ሲዋጉ፥ ወገን በወገን ላይ ተኮሰ። በሁለቱ ጦርነቶች መካከል ያለው ዘመን ሃያ አንድ ዓመት እንኳ አይሞላም። በባዕድ ወራሪ ላይ የተነሣው ብረት በወንድም ላይ ሲነሣ እምቢ አላለም። ብረት ትዝታ የለውም፤ ትዝታ የሰው ነው።

እንግዲህ በመጀመሪያ መጨረስ የሚለው ሐሳብ ይታይ። እናት የሚሟገቱት ለጠመንጃው ሳይሆን ለባላቸው እጅ ክብር ነው። ይህ ክብር በቀላሉ የተገኘ አይደለም። ጠመንጃ ያነገተ ጀግና ሲወደስ፥ ጠመንጃውን የጠገነው ቀጥቃጭ ‹ቡዳ› እየተባለ ከሰው ተራ ይወጣ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ያስነገሩት ነውሩ ሥር የሰደደ ስለ ነበር ነው። ስለዚህ የሠራተኛ አባትን ሥራ ማክበር ተገቢ ነው።

ዳሩ ግን ያ ሥራ ሁለት ፍጻሜዎች አሉት። የእንጨቱ ፍጻሜ ውበቱና ልስላሴው ነው፤ የብረቱ ፍጻሜ መግደል ነው። ሩሲያዊው ደራሲ ቼኾቭ ጀማሪ ጸሐፊዎችን ሲመክር፥ በመጀመሪያው ገቢር ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጠመንጃ ኋላ መተኮስ አለበት ይል ነበር። ምክሩ ለተውኔት ትክክል ነው፤ መድረክ ሥራ ፈት ዕቃ አይወድምና። ቤተሰብ ግን መድረክ አይደለም። የጥበብ ሰው ጠመንጃው እንዲተኮስ ሲያዘጋጅ፥ አባወራ የሚደክመው እንዳይተኮስ ነው። ‹የአባት ዕዳ ለልጅ› የሚለው ብሂል ከብድር አልፎ ቂምን የጨመረ እንደ ሆነ፥ ከጠመንጃው ጋር ዒላማውም ይወረሳል። በወሎ አበጋሮች እስላሙንና ክርስቲያኑን በአንድ ሸንጎ አስቀምጠው ደም ሲያደርቁ፥ ልጅ አባቱን እንዲረሳ አይጠይቁም፤ በአባቱ ስም እንዳይገድል ብቻ ያስምላሉ። የአባት ስምና የአባት ጠብ የተለያዩ ውርሶች መሆናቸውን ከእነርሱ መማር ይቻላል።

ሁለተኛው ሐሳብ መሸጥ ነው። ወንድም ስስታም አይደለም፤ የሚናገረው ስለ ጣራና ስለ ደብተር ነው። ነገር ግን ሻጭ ገንዘቡን ሲቀበል የገዢውን እጅ አብሮ ያየዋልን? ወልድያ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በጦርነት ተይዛ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የቆየች ከተማ ናት። ጥይት ማንን እንደሚያገኝ ለነዋሪዋ የሚያስረዳ አያስፈልግም። ‹እኔ ሸጥሁ እንጂ አልገደልሁም› የሚለው ምላሽ ለፍርድ ቤት ይበቃ ይሆናል። ሚካኢል ካላሺኒኮቭ እንኳ፥ መሣሪያውን አገሩን ለመከላከል እንደ ሠራው ሲናገር ኖሮ፥ በእርጅናው ለሩሲያ ፓትርያርክ በጻፈው ደብዳቤ፥ ጠመንጃው ላጠፋው ሕይወት ተጠያቂ መሆን አለመሆኑን እየጠየቀ ነፍሱ መጨነቋን ገልጾአል። የሠሪውን ኅሊና እንቅልፍ የነሣ ጥያቄ ሻጩን አይመለከትም ማለት አይቻልም።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ልጅ የአባቱ ሥራ ዕዳ አለበት፥ የአባቱ ዒላማ ዕዳ ግን የለበትም። ስለዚህ መምህሩ መሮውን ያንሣ፤ የገዛ ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ ወይራውን እስኪለሰልስ ይጥረበው፤ የአያት እጅ ወደ የልጅ ልጅ ይሻገር። ሰደፉ ካለቀ በኋላ ግን ጠመንጃው ለገበያ አይውጣ፥ ከቤትም አይሰቀል። በሕግ አግባብ፥ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ለተዘረፈው ለደሴው ሙዚየም ወይም ለሌላ የሕዝብ ቤተ መዘክር ይሰጥ፤ ከሥሩም የጠረበው አናጢ ስም ይጻፍ። ተኳሹ ብቻ ሲታወስ ለኖረበት ዘመን ይህ ትንሽ ካሳ ነው።

ጣራው ግን አሁንም ያፈሳል። ይህን ዘንግቶ ስለ ምግባር መናገር ለሌላ ሰው በሌላ ሰው ኪሳራ መስበክ ነው። ብረቱን ያልሸጠው ሰው የከፈለው ዋጋ፥ በማያውቀው መንደር አንዲት እናት ሳታለቅስ ያደረችበት ሌሊት ነው። ትርፉን ጎረቤት ሁሉ ተካፍሎታል፤ ወጪውን ግን ብቻውን ተሸክሞታል። ወልድያም ሆነች መርሳ ደቦን ያውቃሉ፤ አዝመራ ሲደርስ ሰው ለሰው ማሳ ይወጣል። በጎነትን ከአንድ ቤት የሚጠብቅ ማኅበረሰብ፥ ክረምት ሳይገባ ቆርቆሮና ምስማር ይዞ ወደዚያ ቤት መሄድ ይኖርበታል። ያልተጨረሰው ሥራ እንግዲህ ሰደፉ ብቻ አልነበረም።