በሶን መልሱና ሌላ ውሰዱ

በሶ ማከክ የጀመረችው እኛ ቤት በመጣች በሦስተኛው ሳምንት ነው። ወይም እኔ ያየሁት ያኔ ነው። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ ከታላቅ እህቴና ከልጇ ጋር ነው። ልጅቷ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ውሻ ጠየቀች፤ የአፓርታማው ውል ውሻ አይፈቅድም። ድመት ጠየቀች፤ እህቴን ያስነጥሳታል። በመጨረሻ በጊኒ ፒግ ተስማማን። ለማታውቋት፦ ጭራ የላትም፣ ከአይጥ ትተልቃለች፣ ከጥንቸል ታንሳለች። ስሟ “የጊኒ አሳማ” ቢልም አሳማም አይደለች፣ ከጊኒም አልመጣች። አገሯ የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ናቸው። እዚያ ሰዎች ከሺህ ዓመታት በፊት ያላመዷት ለሥጋዋ ነው፤ ፔሩ ውስጥ ዛሬም ትበላለች። ብቸኝነት አይሆንላትም። ስዊዘርላንድ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ2008 ጀምሮ አንዷን ብቻ ነጥሎ ማኖርን በሕግ ከልክላለች። ስለዚህ ሁለት ሴቶች ገዛን። ልጅቷ ቀለማቸውን አይታ አንዷን ሽሮ፣ ሌላዋን በሶ አለቻቸው። የእያንዳንዳቸው ዋጋ 40 ዶላር ነበር።

መጀመሪያ ያየሁት ከጆሮዋ ጀርባ ያለውን ራሰ በራ ቦታ ነው። ስልኬን አውጥቼ ፈለግሁ። ጊኒ ፒጎች ከጆሮ ጀርባ ፀጉር የሌለው ቦታ በተፈጥሮ አላቸው ይላል። እውነት ነው፣ አላቸው። እኔም እፎይ ብዬ ስልኬን ዘጋሁ። ጀርባዋ ላይ የሳሳውን ፀጉር ግን አልፈለግሁም። ትከሻዋ ላይ ያለውን ቅርፊትም አልጠየቅሁም። አንድ እውነት አገኘሁና ሌላውን እውነት እንዲሸፍንልኝ አደረግሁት።

ቀጥሎ የሐበሻ ሕክምና መጣ። እህቴ ቫዝሊን ቀባቻት። እኔ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ከባለፈው ጉንፋን የተረፈ አሞክሳሲሊን እንዳለ ትዝ አለኝና “ትንሽ ብንሰጣትስ?” አልኩ። ደግነቱ አልሰጠናትም። በኋላ እንደተነገረኝ የፔኒሲሊን ዘር የሆነ መድኃኒት በአፍ ከተሰጣት ሆዷ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አጥፍቶ ሊገድላት ይችላል። እየረዳን ልንገድላት ነበር ማለት ነው።

በመጨረሻ ወደገዛንበት ሱቅ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ልጅ ትሁት ነበር። “ደረሰኙ አለህ?” አለኝ። አለኝ። “30 ቀን አልሞላም አይደል? ችግር የለም። እሷን መልሱና ሌላ ውሰዱ።”

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ነፃ የወጣሁ መሰለኝ። ለልጅቷ ስነግራት ግን ድርቆሹን ከእጇ ሳታስቀምጥ ቀና ብላ አየችኝና “ከዚያ በሶን ምን ያደርጓታል?” አለችኝ።

“ያሳክሟታል” አልኳት።

“እነሱ ካሳከሟት እኛ ለምን አናሳክማትም?”

መልስ አልነበረኝም። ምክንያቱም እንደማያሳክሟት እጠረጥራለሁ። አርባ ዶላር የምትሸጥ እንስሳ ላይ ማን መቶ ዶላር ያወጣል? “ያሳክሟታል” ያልኩት ለእሷ ሳይሆን ለራሴ ነው። በዓይኔ የማላየው ቦታ ላይ የሚሆነው ነገር የእኔ እንዳይሆን ፈልጌ ነው።

ጥያቄዬ እዚህ ጋ ይጀምራል፦ “አላወቅሁም” የሚለው ቃል መቼ ነው ንጹሕ የሚያደርገን?

በእርግጥ ሳላውቅ ብቀር፣ ማንም አይወቅሰኝም። እኔ ግን ያላወቅሁት ማወቅ ስለከበደኝ አልነበረም። ማወቅ ያስከፍላል። ካየሁ ሐኪም ቤት መሄድ አለብኝ፤ ከሄድኩ መክፈል አለብኝ። ስለዚህ ዓይኔ ራሱ ቆጣቢ ሆነ። ደግሞ እኮ ይህን ስናደርግ “ልንዋሽ ነው” ብለን አንጀምርም። “ትንሽ እንየው” እንላለን። “ወቅቱ ይሆናል” እንላለን። ትዕግሥት ይመስላል። ሳይቃጠል በቅጠል እያልን ያደግን ልጆች፣ ቅጠሉ ዋጋ ሲኖረው ጭሱን አላየንም እንላለን።

በሶም አልረዳችኝም። የሚታደን እንስሳ ሕመሙን ይደብቃል፤ ደካማ መስሎ የታየ ቀድሞ ይበላልና። ስትበላ አየኋት፣ ደህና ናት አልኩ። ይህን መደበቅ አውቀዋለሁ። ሁለተኛ ክፍል ሆኜ ቆረቆር ይዞኝ ነበር። ክቡን ነጭ ቦታ ለሳምንታት በኮፍያ ሸፈንኩት። እናቴ ስታየው አልተቆጣችም፤ “እስካሁን ለምን አልነገርከኝም?” ብቻ አለችኝ። እኔ ግን ቢያንስ መናገር የሚችል አፍ ነበረኝ። በሶን “ለምን አልነገርሽኝም?” ብላት ትክክለኛው መልስ “ለምን አላየኸኝም?” ነው።

ሐኪም ቤት ወሰድናት። ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ በሶ ሳይሆን ስለ ልጅቷ ነው፦ “እጇ ላይ ወይም ፊቷ ላይ ክብ ነገር ወጥቶባታል?” ለካ የጊኒ ፒግን ፀጉር ከሚያረግፉት ነገሮች አንዱ እንደ ቆረቆር ያለ ፈንገስ ነው፤ ወደ ሰው፣ በተለይ ወደ ልጆች ይተላለፋል። ሌላው ቅማል ነው። ጓደኛዋ ፀጉሯን እያኘከችባት ሊሆንም ይችላል። ዕድሜዋ የገፋ ሴት ከሆነች ደግሞ እንቁላል ማምረቻዋ ላይ ያበጠ ውኃ የቋጠረ እጢ ከሁለቱም ጎኗ ፀጉሯን ሊያረግፍ ይችላል። በዓይን አይቶ መገመት የማይሠራው ለዚህ ነው።

ሐኪሟ ቆዳዋን በስለት ጫፍ ቀስ አድርጋ ፋቀችና በማይክሮስኮፕ አየችው። እከክ ነበር። ቆዳ ሥር እየቆፈረች የምትገባ፣ በዓይን የማትታይ ተባይ። ብዙ ጊዜ ተባይዋ ከእንስሳዋ ጋር አብራ መጥታ ዝም ትልና፣ የቦታ ለውጡ እንስሳዋን ሲያስጨንቃት ትነሣለች አለች። ማሳከኩ ሲበረታ አንዳንዶቹን እንደሚጥል በሽታ ያንቀጠቅጣቸዋል። ይህን ስትለኝ ባለፈው ማታ በሶ ተንቀጥቅጣ ስትወድቅ “በሕልሟ ነው” ያልኩት ትዝ አለኝ።

መድኃኒቱ በክብደቷ ተለክቶ ተሰጣት። የተባይዋን እንቁላል ስለማይገድል ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደገማል። ሽሮ ምንም ባይታይባትም አብራ ትታከማለች፤ የሽቦ ቤታቸውም ይታጠባል። የፈረንጅ ቃሪያ በየቀኑ እንድንሰጣቸውም አዘዘችን። የጊኒ ፒግ ሰውነት ልክ እንደኛ ቫይታሚን ሲ መሥራት አይችልም። እኛ ካልሰጠናት የምታገኝበት ቦታ የለም።

ሒሳቡ 143 ዶላር መጣ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። በዚያው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ከደሴ ደውሎ ለመንጃ ፈቃድ ትምህርት የጎደለውን እንድሞላለት ጠይቆኝ ነበር። “ወንድሜ፣ በዚህ ወር እጄ አጥሮኛል” ብዬዋለሁ። እናቴ ስልክ ላይ የበሶን ነገር ስትሰማ ሳቀች፤ ከዚያ ዝም አለች፤ ከዚያ “ለአይጥ?” አለች። አልተሳደበችም። ግን ያቺ “ለአይጥ?” ውስጥ የአክስቴ ልጅም፣ አገሩም በሙሉ ነበረ።

ይህን ክርክር በደንብ ያነሳው አውስትራሊያዊው ፈላስፋ ፒተር ሲንገር ነው፤ የሚገርመው ሁለቱንም ጎን ያነሳ መሆኑ ነው። በ1972 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ኩሬ ውስጥ የሚሰምጥ ሕፃን አይቶ ልብሴ ይቆሽሻል ብሎ የሚያልፍ ሰው ጥፋተኛ ከሆነ፣ ሩቅ አገር ለሚራበው ሰው ገንዘቡን የማይልክም እንደዚያው ነው አለ። በ1975 ደግሞ የእንስሳት ሥቃይ ከሰው ሥቃይ ያነሰ የሚቆጠረው በዘር ብቻ ከሆነ አድልዎ ነው የሚል መጽሐፍ ጻፈ። ሒሳቡን አስልቶ የሚሄድ ሰው 143 ዶላሩ ወደ ደሴ ይሂድ የሚል ይመስለኛል። ስሌቱን ማፍረስ አልችልም።

አንዳንዱ ሰው እዚህ ጋ ውለታ ያነሳል። እውነትም ጊኒ ፒጎች ውለታ አላቸው። ኮህ በ1882 የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ሲያረጋግጥ የተጠቀመው በእነሱ ነው። በ1907 ሁለት የኖርዌይ ተመራማሪዎች የቫይታሚን ሲ እጥረት የሚያመጣውን በሽታ በእነሱ ላይ ባያዩት ኖሮ መንገዱ ይረዝም ነበር። በሶ የተሰጣት አይቨርሜክቲን እንኳን በ1981 ገበያ የወጣው ለእንስሳት ተብሎ ነው፤ ዛሬ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ውስጥ ቆዳን የሚያሳክከውንና ዓይን የሚያሳውረውን ኦንኮሰርሲያሲስ ለማጥፋት ለሰው በነፃ ይታደላል። የእንስሳና የሰው መድኃኒት መደርደሪያ እንደምናስበው የተለያየ አይደለም። ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ የእኔን ዕዳ ግን አያስረዳም። በሶ ለማንም ምንም አላደረገችም። የምትጠቅም ባትሆንስ ኖሮ?

እኔ የደረስኩበት ይህ ነው። በሲንገር ምሳሌ ውስጥ ያለው ሰው አላፊ አግዳሚ ነው፤ ሕፃኑን ኩሬ ውስጥ ያገኘዋል። ወደ ኩሬው የከተትኩት እኔ ብሆንስ? ያኔ ጥያቄው “ከዚህና ከዚያ ማን ይበልጣል?” አይደለም። በሶን የሽቦ ቤት ውስጥ አስገብቼ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ሌላ ሣር ፍለጋ መሄድ አትችልም፤ ሌላ ጌታ መምረጥ አትችልም፤ ስትታመም የሚያያት ዓይን የእኛ ብቻ ነው። በር የዘጋ ሰው ባለዕዳ ነው። ዕዳው የመጣው ከበሶ ዋጋ ወይም ከእኔ ፍቅር አይደለም (ብዙም አልወዳትም ነበር)፤ ከበሩ ነው።

“ታዲያ ሂሳቡ 2000 ዶላር ቢሆንስ?” ትሉኝ ይሆናል። አልከፍልም ነበር፤ አልችልምም። ግን መክፈል ያቃተው ባለዕዳ ዕዳ ከሌለበት ሰው ይለያል። ቢያንስ ሥቃይዋ የሚያጥርበትን መንገድ እጠይቃለሁ፤ በደረሰኝ ለውጬ “ያሳክሟታል” አልልም። “ባትገዟትስ?” የምትሉም ትክክል ናችሁ። 40 ዶላር የመግቢያው ዋጋ እንጂ የእሷ ዋጋ እንዳልሆነ ያኔ አላሰብንም። አለመግዛትም ንጹሕ መልስ ነበር።

የአክስቴ ልጅስ? ሰሞኑን የባንኬን ወረቀት አየሁ። በዚያ ወር ለስኒከር 95 ዶላር ከፍያለሁ። ለማላየው ፊልም ወርኃዊ ክፍያ አለ። ስኒከሩን ስገዛ ደሴ ትዝ አላለኝም። ትዝ ያለኝ የበሶ ሒሳብ ሲመጣ ነው። ማለትም ድሃውን ያስታወስኩት ልረዳው ሳይሆን ከሌላ ግዴታ ልሸሽበት ነው። በሶን ብመልሳት እንኳ ገንዘቡ ደሴ የሚደርስ አይመስለኝም።

ደወልኩለት። “እጄ አጥሮኛል ያልኩህ ውሸት ነው፤ አላሰብኩበትም ነበር” አልኩት። ትንሽ ዝም አለና “ችግር የለም ወንድሜ” አለኝ፤ ችግር እንዳለ በሚያስታውቅ ድምፅ። ግማሹን ያኔ ላክሁ፤ ግማሹን በሚቀጥለው ወር።

የበሶ ሁለተኛው መድኃኒት ከተሰጣት አሥር ቀን ሆኗል። ጀርባዋ ላይ አጭር፣ ሻካራ፣ ከቀድሞው ትንሽ የጠቆረ ፀጉር እየበቀለ ነው። ልጅቷ በየማታው በስልኳ መብራት እያበራች ታያታለች። እኔም አብሬያት ጎንበስ እላለሁ። እናቴ ትናንት ስትደውል ስለ ሥራ ጠየቀችኝ፣ ስለ ጤናዬ ጠየቀችኝ፣ ልትዘጋ ስትል ደግሞ “ያቺ አይጥስ?” አለች።

“እያከከች አይደለም” አልኳት።