ጨዋታ መቼ ቁማር ይሆናል?



ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ ሰው ዓባይን ተሻግሮ ደጀንን ካለፈ በኋላ ሉማሜን ያገኛል። በዚህ በጤፉ በታወቀ አገር አዝመራው ተወቅቶ እህሉ ለገበያ ሲቀርብ ገበሬው ገንዘብ ይይዛል። የካርታው ፈተና የሚበረታውም ኪስ በሞላበት በዚህ ጊዜ ነው። ዛሬ ፖከር የተባለውን ጨዋታ በእጅ ስልክ የሚማሩ ወጣቶች አሉ። «ይህን መማር ኃጢአት ነውን?» ብለው ሲጠይቁን «አዎን» ወይም «አይደለም» ብለን ብቻ ብናልፍ ሕሊናቸውን አላስተማርንም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

የጨዋታው ሥርዓት ለመማር አያስቸግርም። ካርታው 52 ነው፤ በአራት ምልክት ተከፍሎ እያንዳንዱ ምልክት 13 ይይዛል። በተለመደው አጨዋወት ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ ተሸፍኖ ይሰጠዋል፤ አምስት ደግሞ ለሁሉ እየታየ በየተራ በጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል። ከሰባቱ አምስቱን መርጦ የሚበልጠውን ያጣመረ ያሸንፋል፤ ጥንድ ከነጠላ፣ ሦስት ተመሳሳይ ከሁለት ጥንድ፣ አራት ተመሳሳይ ከሦስት ይበልጣል። ሆኖም ደካማ ካርታ የያዘ ሰውም መያዣውን በድፍረት ከፍ አድርጎ ሌሎቹን በማስፈራራት ሊያሸንፍ ይችላል። የጨዋታው ጥበብም የሕሊናው ጥያቄም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ጨዋታ በራሱ ነውር አይደለም። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ ጨዋታን የደከመች ነፍስ ዕረፍት አድርጎ ይመለከተዋል፤ በልክ መጫወትንም ከበጎ ምግባራት ይቆጥረዋል። አባቶቻችንም ገበጣ ተጫውተዋል።

ታዲያ ያልያዙትን እንደ ያዙ ማስመሰል ውሸት አይደለምን? የጎጃም ልጅ የዚህን መልስ ከቅኔ ቤት ያገኘዋል። በብቸና አካባቢ በሚገኘው በዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ተማሪ ወርቁን በሰም ሲሸፍን «ዋሸ» የሚለው የለም፤ ሰሚው መሸፈኑን አውቆ ሊፈታው ተቀምጧልና። ውሸት ግን ቃላችንን ባመነን ሰው ላይ የሚፈጸም ክህደት ነው። በካርታ ዙሪያ የተቀመጡት መደበቅ የጨዋታው ሕግ መሆኑን አውቀው ተስማምተዋል። በካርታ ላይ ምስጢራዊ ምልክት ማድረግ፣ ከሌላው ተጫዋች ጋር መመሳጠር ግን ከስምምነቱ ውጭ ነውና ስርቆት ነው።

እንግዲህ ጨዋታውን ንጹሕ የሚያደርገው የተቀመጡት ሰዎች ስምምነት ከሆነ፣ ያልተቀመጡትስ? መያዣው ባቄላ ወይም ጠጠር ሲሆን ይህ ጥያቄ አይነሣም። የጤፍ ዋጋ ሲሆን ግን በዚያ ገንዘብ ውስጥ የሚስት ድካም፣ የልጆች ደብተር፣ የመጪው ክረምት ማዳበሪያ አለ። እነርሱ በጠረጴዛው ዙሪያ አልነበሩም፤ ፈቃዳቸውንም የጠየቀ የለም። ቋንቋችንም ይህን አይሸፋፍንም፤ ቁማር ያሸነፈ «በላ»፣ የተሸነፈ «ተበላ» ይባላል። በጠረጴዛው ላይ አዲስ ሀብት አይፈራም፤ አንዱ የሚበላው ሌላው የተበላውን ብቻ ነው።

«ያለ ገንዘብ ፖከር አይጥምም» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ የሚያጣው ነገር የሌለው ሰው ድፍረቱ ድፍረት አይባልም። ነገር ግን በሌላው ቤት እንጀራ ካልሆነ የማይጥም ጨዋታ የነፍስ ዕረፍት መሆኑ ቀርቷል።

እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 2413 በዚሁ መንገድ ይመራናል። የዕድል ጨዋታና ውርርድ በራሳቸው ከፍትሕ ጋር አይቃረኑም፤ ሰው ለራሱና ለሌሎች የሚያስፈልገውን ሲያሳጡ ግን ተቀባይነት የላቸውም። የቁማር ፍቅር ወደ ባርነት እንዳይለወጥም ያስጠነቅቀናል።

ከዚህ ባርነት የወጣም አለ። ቅዱስ ካሚሎስ ዘሌሊስ (1550–1614) ወታደር ሳለ ያለውን ሁሉ በቁማር አጥቶ ነበር። ከተመለሰ በኋላ ያው ካርታ የያዘ እጅ በሮም የሕሙማንን ቁስል አጠበ፤ እነርሱን የሚያገለግል ማኅበርም መሠረተ። ስለዚህ በቁማር የወደቀውን ወንድማችንን በተግሣጽ ብቻ ከደጃችን አንመልሰው።

መምህራን ሆይ፣ ወጣቱ ሲጠይቃችሁ እናንተም መልሳችሁ ጠይቁት፦ ያስያዝኸው የማን ነው? ብትበላ ጾሙን የሚያድረው ማን ነው? ዛሬ ተው ብትባል መነሣት ትችላለህን? እነዚህን በእግዚአብሔር ፊት ያለ ፍርሃት የመለሰ ይጫወት፤ መመለስ ያቃተው ግን ካርታውን አስቀምጦ ወደ ቤቱ ይግባ። እዚያ የሚጠብቁት አሉና።